ፈርጥ የማስገባት ሙያና የመማሪያው በር

በወሎ ደላንታ፣ ከወገል ጤና ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው ገደላማ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ኦፓል የአገራችንን ስም በከበሩ ድንጋዮች ገበያ ካስጠሩት ማዕድናት ግንባር ቀደሙ ነው። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ከሰሜን ሸዋ፣ ከመዘዞ አካባቢ የወጣው ቡናማ ኦፓል በውጭ አገር ታውቆ ነበር፤ ኋላም የሻኪሶ መረግድና የትግራይ ሰንፔር ተከትለዋል። ገበሬው በመሮና በመዶሻ ቋጥኙን እየፈለፈለ፣ ገደሉ ይናድብኛል የሚለውን ሥጋት በልቡ ይዞ ያወጣው ድንጋይ ግን ብዙው ሳይሞረድና ሳይለሰልስ፣ ፈርጥም ሳይሆን ባሕር ተሻግሯል። ከተሻገረውም አብዛኛው ያረፈው በሕንድ አገር፣ በጃይፑር ከተማ ነው። ድንጋዩን የሞረደው እጅ፣ በቀለበትና በጉትቻ ላይ ያስገባው እጅ፣ ከዚያም ሥራ የተገኘውን ዋጋ የተቀበለው እጅ የእኛ አልነበረም።

ይህን የተመለከተ አንድ ወጣት «ፈርጥ ማስገባትን የት ልማር?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው በመጀመሪያ እይታ ቀላል ይመስላል። የአንድ ትምህርት ቤት ስምና የምዝገባ ቀን ነግሮ መሸኘት ይቻላልና። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነው። አንድ ሙያ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው እንዴት ነው? በየዘመኑ እንዲማረው የተፈቀደለት ማን ነበር? የተከለከለውስ ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይሰጡ የመማሪያ ቦታ መፈለግ በሩን ሳያዩ ቁልፉን እንደ መፈለግ ይሆናል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ የሙያውን በር ማን ዘግቶት እንደ ነበርና በሌሎች አገሮች በምን ሁኔታ እንደ ተከፈተ መርምሮ፣ ዛሬ ተማሪው ሊፈልገው የሚገባው ትምህርት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ማመልከት ነው።

በቅድሚያ የሙያውን ምንነት መረዳት ያስፈልጋል። ፈርጥ ማስገባት ማለት ድንጋይን በብረት ላይ ማጣበቅ አይደለም፤ ብረቱ ድንጋዩን አቅፎ እንዲይዘው ማድረግ ነው። ሙጫ ውሎ አድሮ ይለቃል፤ በሥርዓት የታጠፈ ብረት ግን ዘመን ይሻገራል። ጥንታዊው መንገድ ድንጋዩን በዙሪያው በሚቆም ስስ የብር ወይም የወርቅ ከንፈር መያዝ ነው። ሠሪው ድንጋዩን ለክቶ ስሱን ብረት ይቈርጣል፤ ጫፍና ጫፉን በብየዳ ያገናኛል፤ በመደቡ ላይ ያጸናዋል። ድንጋዩን ካስቀመጠ በኋላም ከንፈሩን በመጀመሪያ በአራት ትይዩ አቅጣጫዎች፣ ቀጥሎም በመካከላቸው እየገፋ በድንጋዩ ትከሻ ላይ ያስተኛዋል። በአንድ ወገን ብቻ የገፋ እንደ ሆነ ድንጋዩ ይጋደላል፤ ከመጠን በላይ የገፋ እንደ ሆነ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው መንገድ ድንጋዩን በጥፍር መያዝ ነው። ይኸውም በዙሪያው የቆሙ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በውስጥ በኩል በጥቂቱ ተሞርደው፣ የድንጋዩ ጠርዝ በዚያ ሥርጉድ ላይ እንዲያርፍ ከተደረገ በኋላ ጫፋቸው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1886 በኒው ዮርክ የቲፋኒ ድርጅት ያወጣው ባለ ስድስት ጥፍር የአልማዝ ቀለበት ይህን አሠራር በዓለም ያስፋፋ ነበር፤ ብርሃን ከጐንም ከሥርም እየገባ ድንጋዩን ስለሚያነቃው ነው። ሦስተኛው መንገድ ጥቃቅን ድንጋዮችን እንደ ንጣፍ አስጠግቶ መደርደር ሲሆን፣ ሠሪው በስለታም መቅረጫ ከራሱ ከብረቱ ላይ ጥቃቅን ፍሬዎች እያነሣ በእነርሱ ድንጋዮቹን ይይዛል።

ስለዚህ ሙያ የጻፉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አልታጡም። በ12ኛው ምዕተ ዓመት ቴዎፍሎስ በሚል ስም የሚታወቀው የአውሮፓ መነኩሴ በጻፈው የእደ ጥበብ መጽሐፍ በጽዋ ላይ ዕንቍ የሚገባበትን ሥርዓት ገልጿል። ኢጣሊያዊው ወርቅ ሠሪ ቤንቬኑቶ ቼሊኒም እ.ኤ.አ. በ1568 በፍሎሬንስ ባሳተመው መጽሐፍ ድንጋይ እንዴት እንደሚገባና ቀለሙ እንዲደምቅ ከሥሩ ስስ የብረት ቅጠል እንዴት እንደሚነጠፍ አስረድቷል። ሆኖም ማንም ሰው መጽሐፍ በማንበብ ብቻ ፈርጥ አስገቢ ሆኖ አያውቅም። እጅ የመግፋትን ልክ የሚማረው በመግፋት ነው፤ ስሕተቱንም አጠገቡ ሆኖ የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ የዚህ ሙያ ታሪክ ከሁሉ በፊት የመምህርና የተለማማጅ ታሪክ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የአንጥረኛው ጥበብ ረጅም ዕድሜ ያለው መሆኑን እናያለን። ከ3ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የአክሱም ነገሥታት ባስቀረጿቸው የብርና የመዳብ ሳንቲሞች መካከል በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ የገባባቸው ይገኛሉ። በጥፍር ከምታንስ ቦታ ላይ ሌላ ብረት አስገብቶ ማጽናት የቻለ እጅ ለፈርጥ ሥራ የሚያስፈልገውን ትዕግሥትና ልክ የሚያውቅ እጅ ነበር። በኋለኛው ዘመን ደግሞ አንጥረኛው በወናፍና በከሰል፣ በመስፍና በመዶሻ፣ በጉጠትና በሞረድ እየሠራ የአንገት መስቀሉን፣ ድሪውን፣ አምባሩን፣ አልቦውንና ጉትቻውን ለሕዝብ አቅርቧል። የብሩ ምንጭ በአብዛኛው ማርትሬዛ የምንለው ጠገራ ብር ነበር። 28 ግራም የሚመዝነውና ከሺህ እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር የሆነው ይህ ገንዘብ በኢትዮጵያዊው አንጥረኛ ማቅለጫ ውስጥ ገብቶ መስቀል ሆኖ ወጥቷል።

የድንጋዩ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአገራችን የቆየ ጌጥ ውስጥ ዶቃውና ዛጐሉ በአብዛኛው የሚታየው ተበስቶ በክር ላይ ተሰክቶ እንጂ በብረት ከንፈር ታቅፎ አይደለም። ፈርጥ ባስፈለገበት ጊዜም ብዙውን ጊዜ ቦታውን የያዘው ከውጭ የመጣ ብርጭቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ የወሰደውና በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው የወርቅ ዘውድ ለዚህ ምስክር ነው። ዘውዱ በረቂቅ የሽቦ ሥራ ያሸበረቀ ሲሆን ከጌጦቹ መካከል የብርጭቆ ዶቃዎች ይገኙበታል። የሽቦው ሥራ የሠሪውን ከፍተኛ ችሎታ ይመሰክራል፤ ብርጭቆው ደግሞ በዚያ ዘመን የአገሩ ድንጋይና የአገሩ እጅ ገና እንዳልተገናኙ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ተቃርኖ እናገኛለን። የአገራችን ሊቃውንት የቅኔያቸውን ዋና ስልት «ሰምና ወርቅ» ብለው የሰየሙት ከወርቅ ሠሪው ተውሰው ነው። ወርቅ ሠሪው የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ ወርቁ ይፈስሳል። ሊቁ ይህን ሥራ ተመልክቶ ላይኛውን ትርጉም ሰም፣ ውስጠኛውን ወርቅ አለው። የተከበረ ሰውም «የዘመኑ ፈርጥ» ይባላል። በኦሪት ዘጸአት ደግሞ 12 ዕንቍ በ4 ረድፍ በወርቅ ላይ ስለ ገባበት የካህን ልብስ እየተነበበ፣ ዕንቍ ቀርጾ የማስገባት ጥበብ የተሰጠው ባስልኤል ሌሎችን እንዲያስተምር ጭምር እንደ ተመረጠ እየተተረጐመ ኖሯል። ቋንቋችን ከአንጥረኛው ቤት ይህን ያህል ሀብት ሲወስድ፣ ኅብረተሰቡ ለአንጥረኛው የሰጠው ስም ግን «ጠይብ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ ከዚያም አልፎ «ቡዳ» የሚል ነበር። ሥራውን ለብሶ ያጌጠበት ሰው ልጁን ከሠሪው ልጅ ጋር አያጋባም፤ ርስትም በብዙ ቦታ አያካፍለውም ነበር።

ይህ ንቀት የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ ሳይሆን የትምህርትም መሰናክል ነበር። ሙያው የተናቀ በመሆኑ ከውጭ የሚመጣ ተማሪ አልነበረውም፤ ተማሪ ስላልነበረውም በዘር ውስጥ ታጥሮ ቀረ። አባት ለልጁ ያሳያል፤ ልጅ የሌለው ሠሪ ግን የሚያውቀውን ይዞ ወደ መቃብር ይወርዳል። በሌላ በኩል ሠሪው ራሱ ከንቀቱ ያተረፈው አንድ ሀብት ምስጢሩ ብቻ ስለ ነበረ፣ እርሱን ለባዕድ ለማካፈል አለመፈለጉ የሚያስወቅሰው አይደለም። ውጤቱን በሌላ የእጅ ሙያ መስክ በግልጽ አይተነዋል። በጐንደር አካባቢ በብረት ሥራ፣ በግንባታ፣ በሽመናና በሸክላ የታወቁት ቤተ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1984-85 እና በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ ለብዙ ትውልድ ያካበቱት የእጅ ዕውቀት አብሯቸው ሄዷል። ሙያ በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ብቻ ሲጫን ያ ወገን በተነሣ ቀን ቦታው ባዶ ይሆናል።

ንቀቱን በሕግ ለመግታት የተደረገ ሙከራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ የእጅ ሙያተኞችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ የመማሪያ ወንበር አላዘጋጀም። በዚሁ ዘመን አካባቢ በሐረርና በአዲስ አበባ የተቀመጡት አርመናውያን ወርቅ ሠሪዎች ፈርጥ ያለበትን የከተማ ጌጥ በማስፋፋት ረገድ ድርሻ ነበራቸው፤ ነገር ግን እነርሱም በየቤታቸው ከተለማመደው ሰው በስተቀር በይፋ የሚያስተምሩበት ተቋም አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሠዓሊውና ለቀራፂው ትልቅ በር ከፍቷል። ብሩሽ የያዘው «አርቲስት» ተብሎ ሲከበር መዶሻና ጉጠት የያዘው ወንድሙ ግን በመርካቶ ጠባብ ሱቅ ውስጥ በለመደው መንገድ መሥራቱን ቀጠለ።

ሌሎች አገሮች ይህን በር የከፈቱት በአንድ ቀን አይደለም። በአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ወርቅ ሠሪዎች በማኅበር የተደራጁ ነበሩ። የለንደን ወርቅ ሠሪዎች ማኅበር የንጉሥ ቻርተር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1327 ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1563 የወጣው ሕግ ደግሞ ለእጅ ሙያዎች 7 ዓመት ተለማማጅነትን ደንግጓል። ተለማማጁ በመምህሩ ቤት እየኖረ፣ እየታዘዘና እየተገሠጸ ይማር ነበር። ይህ ሥርዓት ሙያውን በጥራት ጠብቋል፤ ዳሩ ግን ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስኑት መምህራኑ ስለ ነበሩ የብዙውን ሰው መንገድ ዘግቷል። በፈረንሣይ አብዮቱ እ.ኤ.አ. በ1791 የሙያ ማኅበራቱን ሲያፈርስ ለሥራ ነፃነት በር ተከፈተ፤ ማኅበሩ ይሰጥ የነበረውን ትምህርት ማን ይስጥ የሚለው ጥያቄ ግን ተከትሎ መጣ።

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት ቀደምት መልሶች አንዱ በጀርመን አገር፣ በፕፎርዝሃይም ከተማ ይገኛል። የባደኑ ገዥ ካርል ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1767 በከተማው የሙት ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ የኪስ ሰዓት መሥሪያ እንዲቋቋም ፈቀደ፤ የጌጣጌጥ ሥራም ተከተለ። የገዥው አሳብ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ ርካሽ የሕፃናት ጉልበትና የግብር ገቢም ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1768፣ የሥዕል መማሪያ መቋቋሙ የነገሩን መልክ ለወጠው። አባት የሌለው ልጅ ከአባቱ ሊወርሰው የማይችለውን ሙያ ከመምህር ተማረ። የደም መስመር በትምህርት መስመር ሲተካ ከሚታይባቸው የታሪክ ገጾች አንዱ ይህ ነው። ከዚያ የተወለደው የወርቅ ሠሪዎች ትምህርት ቤት እስከ ዘመናችን የዘለቀ ሲሆን ከተማይቱም «የወርቅ ከተማ» የሚል ስም አትርፋለች። በዚያው በጀርመን በሃናው ከተማም እ.ኤ.አ. በ1772 ተመሳሳይ የሥዕል አካዳሚ ተመሥርቷል።

በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም የጌጣጌጥ ሠፈር፣ በቪቶሪያ ጐዳና የተቋቋመው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1890 ሥራ ሲጀምር የመረጠው ቦታ ራሱ ትምህርት ሰጪ ነው። ትምህርት ቤቱ የተሠራው ከሠሪዎቹ ሠፈር ርቆ ሳይሆን በመካከላቸው ነበር። ተለማማጁ ቀን በአሠሪው ወንበር ላይ የሠራውን በትምህርት ሰዓቱ በወረቀት ላይ ይነድፈዋል፤ በወረቀት የነደፈውንም በማግሥቱ በብረት ይፈትነዋል። በጀርመን ዛሬም የወርቅ ሠሪነት ሥልጠና ሦስት ዓመት ተኩል የሚፈጅ ሲሆን ሰልጣኙ ጊዜውን በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ይከፍላል። ፈርጥ ማስገባትም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ይታወቃል።

የእኛን ኦፓል የተቀበለችው ጃይፑር ደግሞ ሌላ መንገድ ታሳያለች። ከተማይቱን እ.ኤ.አ. በ1727 የቈረቈረው ሳዋይ ጃይ ሲንግ ነው፤ በእርሱና በተከታዮቹ ዘመን ሙያተኞች ከየአገሩ ተጠርተው በየሠፈሩ ሰፍረዋል። በዚያ የሚታወቀው «ኩንዳን» የተባለው አሠራር ንጹሕ የወርቅ ቅጠልን ያለ እሳት፣ በመሣሪያ ኃይል ብቻ በድንጋዩ ዙሪያ እየጠቀጠቁ ማጽናት ነው። ሙያው በዚያም ለረጅም ዘመን በቤተ ሰብ ውስጥ የቆየ ነው፤ ልዩነቱ ግን ነጋዴው፣ ሞራጁ፣ ፈርጥ አስገቢውና ቀራፂው በአንድ ከተማ ጐን ለጐን መኖራቸው ነው። በፕፎርዝሃይም፣ በበርሚንግሃምና በጃይፑር ታሪክ መካከል ያለውን የጋራ ነገር ስንፈልግ የምናገኘው ይህ ነው፤ ሙያው ያደገው ተማሪው ከሠሪው ወንበር አጠገብ በተቀመጠበት ቦታ ነው። ወንበር የሌለው ትምህርት ቤት ወሬ ይሆናል፤ ትምህርት የሌለው ወንበርም የትናንቱን ይደግማል።

አሁን ወደ መነሻችን፣ ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። የሚማርበትን ቦታ ሲመርጥ ከምስክር ወረቀቱ በፊት ሊመዝናቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው እጅ የሚሠራበት ሰዓት ብዛት ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ወንበር፣ ሞረድ፣ መጋዝና የብየዳ እሳት ከሌለው፣ ትምህርቱ ስለ ሙያው እንጂ ሙያውን አያስተምርም። ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። መሞረድና መጋዝ፣ ቀጥሎ ብየዳ፣ ከዚያ ከንፈር፣ ከዚያ ጥፍር፣ በመጨረሻም ንጣፍ ሊመጣ ይገባል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉን አሳያለሁ የሚል ትምህርት ተማሪውን ከሁሉም ያጐድለዋል። ሦስተኛው የመምህሩ ማንነት ነው። መምህሩ ዛሬም ለደንበኛ የሚሠራ፣ የተማሪውንም ስሕተት በእጁ ይዞ የሚያርም መሆን አለበት። በዚህ መለኪያ ከታየ በሠፈራችን ሱቅ ውስጥ የተቀመጠው አንጥረኛ፣ ከተከበረና ከተከፈለው፣ ከብዙ አዳራሽ የሚበልጥ ትምህርት ቤት ነው።

አራተኛው ከሁሉም በላይ የእኛ ጉዳይ ነው፤ ትምህርቱ የአገሩን ድንጋይ ማወቅ አለበት። በጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10፣ ሰንፔር 9 ሲሆን ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ብቻ ነው፤ የብረት ሞረድ ሊጭረው ይችላል። የወሎ ኦፓል ደግሞ ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ የቀለሙን ጨዋታ ያጣል፤ ሲደርቅ ይመልሰዋል፤ ዘይትና እድፍም በዚያው መንገድ ሊገባበት ይችላል። በእሳት ሲመታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የኦፓል ፈርጥ አስገቢ ብየዳውንና እጥበቱን ሁሉ አስቀድሞ ጨርሶ፣ ድንጋዩን በመጨረሻ በቀዝቃዛ ብረት፣ ይበልጡንም በዙሪያው በሚያቅፈው ከንፈር ሊይዘው ይገባል። በአልማዝ ላይ የተመሠረተውን የውጭ ትምህርት እንዳለ የቀዳ ተማሪ የደላንታን ድንጋይ በመጀመሪያው ቀን ይሰብረዋል። ይህን ድንጋይ የሚመለከት ትምህርት ድንጋዩ ባለበት አገር መዘጋጀቱ የኩራት ጉዳይ ሳይሆን የሥራው ጠባይ የሚጠይቀው ነው።

ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጥረት የአንድ ወገን አይደለም። የሙያ ትምህርት መምህሩ አንጥረኛውን እንደ መረጃ ምንጭ ብቻ ሳይሆን እንደ ባልደረባ መምህር ሊጠራው ይገባል። የሕዝብ አደረጃጀት ኃላፊው ለወጣቱ የሥልጠና ቦታ ሲያዘጋጅ የወንበሩንና የመሣሪያውን ቍጥር ከተመዝጋቢው ቍጥር ጋር ማመዛዘን ይኖርበታል። ሠዓሊውና ቀራፂውም የንድፍ ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ ጠባቧ ሱቅ ቢዘልቁ፣ ለዘመናት በመስቀሎቻችን ላይ የታየው የመስመር ጥበብ ለአዲሱ ፈርጥ አቃፊ ይሆናል፤ ከሌላ አገር ንድፍ መቅዳትም አያስፈልግም።

ባስልኤል የተመረጠው እንዲሠራ ብቻ ሳይሆን እንዲያስተምርም እንደ ነበረ ከላይ አንሥተናል። በእኛ ዘንድ የሚሠራ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው የሚያስተምርበት ስፍራና የሚማረው ያለ እፍረት የሚገባበት በር ነበር። ከ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡን መከልከል የመጀመሪያው እርምጃ ነበር። ሁለተኛው እርምጃ የአንድ የደላንታ ገበሬ ልጅ፣ አባቱ ከገደል ያወጣውን ድንጋይ ይዞ፣ አንጥረኛ አጠገብ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን በአራት ትይዩ አቅጣጫ እየገፋ ሲያስገባው የምናይበት ቀን ነው።